የዕቅድ ቁጥርና የፈጠራ ሥራ በደሴና በኮምቦልቻ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ የሚመጡት ከሦስት ወገን ነው፦ ከኢንተርፕራይዝ አባላት፣ ከኮሌጅና ከዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ከከተማ አስተዳደር የዕቅድ ባለሙያዎች። መልሱ ለማን እንደተጻፈ ከጥያቄው ይታወቃል።

ግቡ አዲስ አበባ ላይ ሲጻፍና ኮምቦልቻ ሲደርስ አንድ ነው?

አይደለም። በ2013 የጀመረው የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ ስለ ምርታማነትና ስለ ቴክኖሎጂ አቅም ያወራል። ይህ ለየሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ይከፋፈላል፤ ከዚያ ለክልል ቢሮ፣ ከቢሮው ለዞንና ለከተማ መምሪያ፣ ከመምሪያው ለቡድን፣ ከቡድኑ ለአንድ ባለሙያ ይወርዳል። በቢሮ አነጋገር «ካስኬድ ማድረግ» የሚባለው ይኸው ነው። ሐሳቡ በየደረጃው እየሳሳ ይሄዳል፤ ቁጥሩ ግን እንዳለ ይወርዳል። ላይ «የአገር ውስጥ የማሽን ሥራ አቅም ማሳደግ» የነበረው ታች ሲደርስ «በሩብ ዓመቱ 3 ቴክኖሎጂ ማሸጋገር» ይሆናል። ባለሙያው የሚመዘነው በሦስቱ ነው። ሦስቱ ከዓመት በኋላ ይሥሩ አይሥሩ የሚጠይቅ የለም፤ ቅጹ ላይ ለዚያ የተተወ ቦታም የለም።

ስለዚህ አንድ ግብ በአካባቢው ምን እንደሚያደርግ ማወቅ የፈለገ ሰው የፖሊሲውን መግቢያ ትቶ የባለሙያውን የሩብ ዓመት ቅጽ ያንብብ። ሦስት ነገር ይፈልግ፦ የሚቆጠረው ምንድን ነው? ቆጠራው የሚዘጋው መቼ ነው? ያረጋገጠው ሰው ቦታው ድረስ ሄዷል ወይስ በስልክ ነው የጠየቀው?

ታዲያ ኮታው ጭራሽ ባይኖር አይሻልም?

አይሻልም። ቁጥር ባይኖር ኖሮ 75 ሄክታር ላይ ያረፈው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እዚህ ለመምጣታቸው ዋስትና አልነበረም። ግብ የሌለው በጀት ወደ ትልቁ ከተማ ይሄዳል። ችግሩ የሚቆጠረው ነገር ከሚፈለገው ነገር ሲለይ ነው። ሕንፃ፣ ሠልጣኝና ሰነድ ለመቆጠር ይመቻሉ። የአንድ ቶርኖ ቤት (ብረት እያሽከረከሩ የሚቀርጹበት ወርክሾፕ) ባለሙያ ዘንድሮ ያልቻለውን ሥራ በሚቀጥለው ዓመት መቻሉ ግን ለቆጠራ አይመችም። ፈጠራ ደግሞ በብዛት ያለው እዚያ ነው።

«ሰባ ሰላሳ» ለአካባቢው ምን አመጣ?

ከ2001 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ቅበላ 70 በመቶው ለተፈጥሮ ሳይንስና ለቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን ተወሰነ። ሐሳቡ ቀጥተኛ ነው፦ ኢንጂነር ሲበዛ ፋብሪካ ይበረታል። በዚህ ምክንያት ኮምቦልቻ ውስጥ በኤሌክትሪካል፣ በሜካኒካል፣ በቴክስታይልና በመሰል ሙያዎች የሚመረቁ ወጣቶች በዙ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት ለእነዚህ ሙያዎች ልጅ ከደሴ ርቆ ይሄድ ነበር።

ነገር ግን ግቡ የቅበላ ድርሻ እንጂ የወርክሾፕ ሰዓት አልነበረም። የቅበላ ቁጥር በአንድ መስከረም ይጨምራል። ቶርኖ፣ ፍሬዛ (ብረት መላጊያ ማሽን) እና መለኪያ መሣሪያ ግን በጨረታ፣ በውጭ ምንዛሪና በመርከብ ስለሚመጡ ዓመታት ይወስዳሉ። ቀላል ስሌት እንሥራ። አንድ ቶርኖ በሳምንት 30 ሰዓት ለትምህርት ቢውልና ተማሪዎች በሁለት በሁለት ቢሠሩበት፣ ለ30 ተማሪዎች ለእያንዳንዱ ጥንድ በሳምንት 2 ሰዓት ይደርሰዋል። ተማሪው 120 ሲሆን ጥንዱ የሚያገኘው 30 ደቂቃ ነው። በ30 ደቂቃ ዕቃውን አስሮ፣ ስለቱን አስተካክሎ፣ ለክቶ አይጨረስም። ስለዚህ መምህሩ ይሠራል፣ ተማሪው ያያል። ግቡ ቅበላንና የወርክሾፕ ሰዓትን በአንድ ላይ አስሮ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ በዝግታ ያድግ ነበር፤ የተመረቀው ግን ፋብሪካ ሲገባ እንደገና ከዜሮ አይጀምርም ነበር።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከከተማው ወርክሾፖች ጋር ለምን አልተሳሰረም?

ብዙ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ መልሱም ረዘም ይላል።

ፓርኩ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ የተሰጠው ግብ ሁለት ነበር፦ የሥራ ዕድልና የውጭ ምንዛሪ። ከዚያ በፊት በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ጨርቃ ጨርቅና አልባሳት በ2007 ማብቂያ 1 ቢሊዮን ዶላር ኤክስፖርት ያመጣል ተብሎ ነበር፤ የተገኘው አንድ አሥረኛው ገደማ ነው። ያ ክፍተት ያስከተለው ጥድፊያ ፓርኮቹ ላይ አረፈ። ሼድ ቶሎ ተሠርቶ፣ ባለሀብት ቶሎ ገብቶ፣ ሠራተኛ ቶሎ ተቀጥሮ፣ ኮንቴይነር ቶሎ እንዲወጣ ተፈለገ። «ከከተማው ምን ያህል ዕቃና አገልግሎት ተገዛ» የሚል ቁጥር የማንም ዕቅድ ውስጥ አልነበረም። የማንም ያልሆነውን ቁጥር ማንም አልሠራበትም።

ከዚህ በተጨማሪ ሦስት ተጨባጭ እንቅፋቶች አሉ። አንደኛ፣ ለውጭ ገበያ የሚሰፋ ልብስ አምራች ክሩን፣ ዚፑንና ቁልፉን እንደልቡ አይገዛም፤ ብዙ ጊዜ ከየትኛው አቅራቢ እንደሚገዛ የሚወስንለት ልብሱን ያዘዘው ኩባንያ ነው። ሁለተኛ፣ ግብዓቱ ለኤክስፖርት ሲሆን ከቀረጥ ነፃ ስለሚገባ የአገር ውስጡ በዋጋ መወዳደር ይከብደዋል። ሦስተኛ፣ የፓርኩ በር የጉምሩክ በርም ነው። አንድ የብየዳ ማኅበር የተበላሸ ጋሪ ወስዶ ጠግኖ ለመመለስ የመውጫና የመግቢያ ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ጥገናው ሁለት ሰዓት ቢወስድ ወረቀቱ ሁለት ቀን ሊወስድ ይችላል።

ለአካባቢው ወርክሾፕ ክፍት የሚሆነው በር ታዲያ የቱ ነው? ልብሱ ላይ የማይሰፋው ሁሉ ነው፦ የመቁረጫና የስፌት ጠረጴዛ፣ የጨርቅ ጋሪ፣ የብረት መደርደሪያ፣ ፓሌት፣ የቦይለር ቧንቧ ጥገና፣ የማሽን ቡሽና ዘንግ፣ የሞተር ጥቅልል ሥራ። ለዚህ ከውጭ ያለው ኩባንያ ፈቃድ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ልክ፣ ደረሰኝና ዱቤ መቻል ነው። ፋብሪካ በ30 ወይም በ60 ቀን ይከፍላል። ላሜራ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ማኅበር ደግሞ ሁለተኛውን ትዕዛዝ ሳይቀበል ገንዘቡ ያልቃል። የመጀመሪያውን ትዕዛዝ በጥሩ ሁኔታ ሠርቶ በሁለተኛው የሚጠፋ ወርክሾፕ ብዙ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የሙያ ማነስ ሳይሆን የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ነው።

የባቡሩም ነገር አለ። የመጀመሪያው ዕቅድ 2,395 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ይዘረጋል ብሎ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ የአዋሽ ኮምቦልቻ ሐራ ገበያ መስመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ፓርኩ ሲከፈት ባቡሩ ሥራ አልጀመረም ነበር። ሁለቱ ግቦች አንዱ ሌላውን ተማምኖ ታቀደ፤ የጊዜ ሰሌዳቸው ግን በተለያየ መሥሪያ ቤት ነበር። በዚህ ላይ ጦርነቱ መጣ፤ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ወደ አሜሪካ ገበያ ከቀረጥ ነፃ ከሚያስገባው ዕድል፣ ተጠቃሚነት ተሰረዘች። በአንድ ገበያ ላይ የተንጠለጠለ ኤክስፖርት ግብ ያ ገበያ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ኮምቦልቻ በቅርብ አይታዋለች።

የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮታ አዲስ ነገር የሚሠራውን ሰው ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል?

ሁለቱንም ያደርጋል። በአገር ደረጃ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. 14 ሚሊዮን ሥራ ለመፍጠር ታቅዶ ነበር። ይህ ቁጥር ወደ ክፍለ ከተማ ሲወርድ ለባለሙያው የሚሻለው ብዙ ሰው በትንሽ ብር የሚይዝ ሥራ ነው። አሥር ሰው የሚያደራጅ የብሎኬት ማምረቻ፣ አንድ ሰው ብቻ ከሚሠራበት የኤሌክትሮኒክስ ጥገናና ዲዛይን ሱቅ ይቀድማል። ብሎኬቱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ሁሉም ብሎኬት ሲሆን ግን ዋጋ ይወርድና ሁሉም ይዘጋል።

አንድ የተለመደ ስህተት አለ፦ ብቻውን ማሽን የሠራ ልጅ ለሼድና ለብድር ብሎ አራት ስም ያክላል። ሥራው ሲያድግ አራቱ ድርሻ ይጠይቃሉ፤ ሕጋዊ መብትም አላቸው። ስም ከማከላችሁ በፊት በግል ኢንተርፕራይዝ መመዝገብ እንደሚቻል ጠይቁ። ማኅበር ግድ ከሆነ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ንድፉ የማን እንደሆነ፣ አባል ሲወጣ ምን እንደሚወስድ ይጻፍ።

ሌላው የደረጃው ድንበር ነው። በ2003 የወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ስትራቴጂ በኢንዱስትሪ ዘርፍ እስከ 5 ሰው ያለውን ጥቃቅን፣ ከ6 እስከ 30 ሰው ያለውን አነስተኛ ብሎ መደበ፤ ከካፒታል ጣሪያ ጋር። ጣሪያው ኋላ ቢሻሻልም አሠራሩ አልተለወጠም፦ ድንበሩን ያለፈ ድጋፉን ያጣል። ስለዚህ 30ኛውን ሠራተኛ መዝግቦ 31ኛውን በቀን ሥራ የሚይዝ ድርጅት ብታዩ አትደነቁ። ማደግ ያስቀጣዋል።

ኮሌጆች «ቴክኖሎጂ አሸጋገርን» የሚሏቸው ማሽኖች ለምን አይዘልቁም?

የማሾ መውቂያን እንውሰድ፤ ቃሉ ወረዳ ውስጥ ማሾ የሚዘራ ገበሬ ብዙ ስለሆነ ደጋግሞ የሚሠራ ማሽን ነው። ኮሌጁ በዓመት የተወሰነ ቁጥር ቴክኖሎጂ መቅዳትና ማሸጋገር አለበት። ማሽኑ ተሠርቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ በሠልፍ ተመርቆ ይተላለፋል። በመጀመሪያው መኸር ማሾው ይከካል፤ ገበሬው ወደ በሬው ይመለሳል። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንደሚባለው ነው። የሚበላሸው ግን በአጋጣሚ ሳይሆን ሁልጊዜ በዚያው ቦታ ነው።

ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ማሽኑ የተሞከረው በኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ሞተሩ በደቂቃ 1,440 ይዞራል። ሞተሩ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ፑሌጃ (ቺንጋ የሚታሰርበት ክብ)፣ ከበሮው ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ፑሌጃ ቢኖር ከበሮው በደቂቃ 480 ይዞራል፤ ለማሾ የሚስማማ ፍጥነት ነው። ገጠር ሲሄድ ባለ ሦስት መስመር ኤሌክትሪክ የለም። ተረካቢው ቺንጋውን ፈትቶ በደቂቃ 2,200 የሚዞር የናፍጣ ሞተር ላይ ያስረዋል። ያው ፑሌጃ ከበሮውን አሁን በ733 ያዞረዋል። ለማሽላ ቢሆን ሊያልፍ ይችላል፤ ማሾን ግን ለሁለት ይከካዋል። የተከካ ማሾ ደግሞ ለኤክስፖርት ሲቀርብ ደረጃው ይወርዳል። መድኃኒቱ ከበሮው ላይ 46 ሳንቲ ሜትር ፑሌጃ ማድረግ ነው፤ ቶርኖ ቤት በአንድ ቀን የሚያወጣው ሥራ። ግን ይህን የሚያይ ሰው በመኸር ወቅት ሜዳ ላይ መገኘት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ቀን አበልም የዕቅድ ነጥብም አልተያዘለትም።

ከፍታም ይረሳል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ 650 ሜትር ልዩነት አለ። ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር አየር በሳሳበት ጉልበቱ ይቀንሳል፦ ሰሌዳው ላይ 10 የፈረስ ጉልበት የሚለው ደሴ ላይ 7 ተኩል እስከ 8፣ ኮምቦልቻ ላይ ከ8 ትንሽ ከፍ ያለ ይሰጣል ብላችሁ ያዙ። ከውጭ የተቀዳ ንድፍ ሰሌዳውን አምኖ ከተሠራ ደጋ ላይ ነዶ ሲገባበት ይታነቃል።

ማሸጋገር የሚገባውን ማሽን ለመለየት ቢያንስ ይህን አድርጉ፦

ተረካቢው በሚጠቀምበት ሞተር እንጂ በኮሌጁ ሞተር አትሞክሩ። የከበሮውን ዙር በቴኮሜትር ለኩ፤ በስሌት ብቻ አትመኑ፣ ቺንጋ ይንሸራተታል። በከበሮውና በወንፊቱ መካከል ያለውን ክፍተት በ15 ሚሊ ሜትር ጀምሩና ያልተፈለፈለ ቆባ ከበዛ ቀስ በቀስ አጥብቡ። ከሦስት የተለያዩ ከረጢቶች 200 ግራም እየወሰዳችሁ የተሰበረውን ለዩና መዝኑ፤ ሦስቱ 600 ግራም ውስጥ 18 ግራም ከተሰበረ 3 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ዙሩን ቀንሱ። በመጨረሻ 60 ሰዓት አሠሩትና ዘንጉ የሚዞርበትን ኩሽኔታ በእጅ ዳስሱ፤ እጅ የማያስነካ ከሆነ ዘንጉ ቀጥ አላለም ወይም ቺንጋው ከልክ በላይ ተወጥሯል።

ለምን ሁሉም ነገር ሰኔ ላይ ይሆናል?

የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነና ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ስለሚሆን ነው። የፈጠራ ሥራ ግዢ ቀስ ይላል፤ ጨረታው ታኅሣሥ ላይ ይወጣል፣ አሸናፊው የካቲት ላይ ይለያል፣ ላሜራው ሚያዝያ ላይ ይገባል፣ ማሽኑ ሰኔ 20 ላይ ይመረቃል። መውቂያ ከሆነ ሰኔና ሰኞ ገጠመበት ማለት ነው፤ የመኸር ሰብል በሰኔ አይወቃም። ሙከራው ከጎተራ በወጣ ደረቅ እህል ይሆናል። የመኸሩ ነዶ እርጥበቱም ገለባውም ሌላ ነው።

ከዚህ የሚወጣው መንገድ ሥራውን ለሁለት የበጀት ዓመት ከፍሎ ማቀድ ነው፦ አንደኛው ዓመት ንድፍና ናሙና እስከ ሰኔ፤ ሁለተኛው ዓመት ከመስከረም እስከ ኅዳር የሜዳ ሙከራ፣ ከዚያ እርማት። ሁለተኛው ዓመት የራሱ የበጀት መስመር ከሌለው ግን ወረቀት ላይ ይቀራል።

የፓተንት ቁጥር ግብ ሲሰጠን ምን እናድርግ? ፓተንትና የግልጋሎት ሞዴል ልዩነታቸው ምንድን ነው?

አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው የሚገዛው። ፓተንት ለማግኘት ፈጠራው በዓለም ደረጃ አዲስ፣ ለሙያው ሰው ግልጽ ያልነበረ ፈጠራዊ ብቃት ያለው፣ በኢንዱስትሪ ሊሠራበት የሚችል መሆን አለበት፤ ጥበቃው 15 ዓመት ሲሆን ፈጠራው በአገር ውስጥ በአግባቡ እየተሠራበት ከሆነ 5 ዓመት ሊጨመር ይችላል። የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ለአነስተኛ ፈጠራ ነው፤ አዲስነቱ በኢትዮጵያ ይታያል፤ 5 ዓመት ይቆያል፣ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። ውጭ ፓተንት አግኝቶ ጥበቃው ያላበቃን፣ በኢትዮጵያ ግን ፓተንት ያልተሰጠውን ነገር አስገብቶ ለሚሠራ ደግሞ የአስገቢ ፓተንት አለ፤ እስከ 10 ዓመት።

በደሴና በኮምቦልቻ ወርክሾፖች የሚሠራው አብዛኛው ሥራ የሚገጥመው ከግልጋሎት ሞዴል ጋር ነው፤ ይህ ማነስ አይደለም። ችግር የሚፈጥረው ዕቅዱ «ፓተንት» ብሎ ሲጽፍ ነው፤ ሰው የማያገኘውን ሰነድ ለማመልከት ጊዜ ያጠፋል። ሁለተኛው ችግር ይብሳል፦ ሌላው ግብ «በኤግዚቢሽን ማሳተፍ» ስለሚል ማሽኑ ሳይመዘገብ ባዛር ላይ ይቆማል፣ በቴሌቪዥን ይታያል፣ ፎቶው ይለቀቃል። አዲስነቱን ራሱ አምራቹ አደጋ ላይ ጣለው ማለት ነው። ቅደም ተከተሉ አንድ ብቻ ነው፦ ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አመልክቱ፣ ቁጥሩንና ቀኑን ያዙ፣ ከዚያ አሳዩ።

ለምርምር ከአገር ምርት ይህን ያህል በመቶ ይመደባል የሚለው ግብስ?

የ2004ቱ የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ ከአገር ውስጥ ምርት 1.5 በመቶ ለዘርፉ እንዲመደብ ያስባል፤ የአፍሪካ አገሮች የጋራ ግብ 1 በመቶ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የተለካው 0.27 በመቶ ነበር። ደሴ ላለ አንባቢ ከዚህ በላይ የሚያሳስበው ግን ግቡ የአገር አማካይ መሆኑ ነው፤ ቢሞላም እንኳ ገንዘቡ ሁሉ ዋና ከተማ ቢውል አልተጣሰም።

«የማምረት አቅም አጠቃቀም 85 በመቶ» የሚለው ቁጥር እንዴት ይሰላል? ለምን ፋብሪካችን አሻሽሎ ሳለ ወረደ ተባለ?

ቁጥሩ የተመረተው ለሚመረተው ሲካፈል የሚገኝ ነው፤ ጣጣው አካፋዩ ላይ ነው። በሰዓት 4 ኩንታል የሚፈጭ ወፍጮ በአንድ ፈረቃ፣ በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 25 ቀን 800 ኩንታል ይፈጫል። ያው ወፍጮ ቀንና ሌት፣ 30 ቀን ቢሠራ 2,880 ኩንታል ነው። በወሩ 600 ኩንታል ከፈጨ በመጀመሪያው አካፋይ 75 በመቶ፣ በሁለተኛው 21 በመቶ ገደማ ነው። ሁለት ፋብሪካ የተለያየ አካፋይ ይዘው በአንድ ሠንጠረዥ ከተቀመጡ ንጽጽሩ ከንቱ ነው።

አሁን የፋብሪካው መካኒክ ማቀበያውን አስተካክሎ ወፍጮውን በሰዓት 5 ኩንታል አደረሰው እንበል። የአንድ ፈረቃ አቅሙ 1,000 ሆነ፤ ምርቱ ከ600 ወደ 700 ወጣ። መቶኛው ግን ከ75 ወደ 70 ወረደ። ለግቡ ብሎ የሚሠራ ሥራ አስኪያጅ አዲሱን አቅም ባይመዘግበው ይመርጣል፤ ማሻሻያውም ከሰነድ ይሰወራል። መፍትሔው መቶኛውን ብቻውን አለመላክ ነው፦ የምርት መጠን፣ የፈረቃ ብዛትና የሰዓት አቅም ከጎኑ ይቀመጡ።

መነሻ ዓመታችን 2014 ነው። ልክ ነው?

ለደሴና ለኮምቦልቻ ልክ አይደለም። በ2014 ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ ወር ያህል ሁለቱ ከተሞች በጦርነቱ ውስጥ ነበሩ፤ ፋብሪካዎችና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። ምሳሌ እንውሰድ፦ በ2013 መቶ ያመረተ ድርጅት በ2014 አርባ፣ በ2015 ስልሳ አራት ቢያመርት፣ ከ2014 አንጻር 60 በመቶ አደገ ይባላል። ከ2013 አንጻር ግን ገና 36 በመቶ ይጎድለዋል። 2013ን ተጠቀሙ፣ ወይም ሁለቱንም አቅርቡ። ማገገምን ፈጠራ ብሎ ሪፖርት ማድረግ በቀጣዩ ዓመት ራሳችሁን ያጣብቃል፤ የጠፋው ማሽን ከተተካ በኋላ ያ ዕድገት አይደገምም።

የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። ግቡ ከላይ ወርዶልኛል፤ ምን መለወጥ እችላለሁ?

ቁጥሩን ላትለውጡት ትችላላችሁ፤ መግለጫውን ግን ብዙ ጊዜ ትችላላችሁ። «12 ቴክኖሎጂ ማሸጋገር» የሚለውን ተቀበሉና ከሥሩ እያንዳንዱ ምን ሲሟላ እንደሚቆጠር ጻፉ። ለመውቂያው ለምሳሌ፦

«ማሽኑ ተሸጋገረ የሚባለው ከኮሌጁ ውጭ ባለ ወርክሾፕ ቢያንስ ሁለተኛው ቅጂ ተሠርቶ በገንዘብ ሲሸጥ፣ 60 ሰዓት ሲሠራ፣ የተሰበረ ፍሬ ከ3 በመቶ ሳይበልጥና በቀጣዩ ጥቅምት በአካል ሲታይ ነው።»

«በገንዘብ» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ ያጠራል። በነፃ የተሰጠን ማሽን ሁሉም ይረከባል፤ ኪሱን ከፍቶ የሚገዛ ግን ማሽኑ እንደሚሠራ አይቷል። ከዚህ ዓይነት መግለጫ በኋላ 12ቱ 4 ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህን ለኃላፊ በሐምሌ ማስረዳት በሰኔ ከማስረዳት ይቀላል።

ሥራ ዕድል ላይ ደግሞ ሰውየውን በመታወቂያ ቁጥሩ መዝግቡና በስድስተኛው ወር አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ሰው በኢንተርፕራይዝ ጽሕፈት ቤት፣ በኮሌጁና በዩኒቨርሲቲው ሦስት ጊዜ የሚቆጠረው የጋራ መዝገብ ስለሌለ ነው።

እኛ ትንሽ ማኅበር ነን። ግቡን ለራሳችን ጥቅም እንዴት እናውለው?

የቢሮው ባለሙያ የጎደለው ቁጥር አለ፤ እናንተ የጎደላችሁ ድጋፍ አለ። ሁለቱ የሚገናኙበትን ወር ማወቅ ነው። የዘንድሮው ዕቅድ ከጸደቀ በኋላ በነሐሴ ሂዱና «ይህ ሥራ የትኛው ግብ ውስጥ ይቆጠራል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አብዛኛው ባለሙያ ይህን ጥያቄ ይወደዋል። ለቀጣዩ ዓመት ድጋፍ የምትፈልጉ ከሆነ የበጀት ጥሪው ሳያልፍ፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ በጽሑፍ አስገቡ። ጽሑፉ አንድ ገጽ ይሁን፦ ችግሩ፣ የሚሠራው ዕቃ ከነልኩ ንድፍ፣ የአንዱ ዋጋ፣ ማን እንደሚገዛ፣ የሚፈለገው ድጋፍ በብር ወይም በቦታ። «ገበያ ትስስር ይፈጠርልን» ብቻ የሚል ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይተኛል።

ከኮሌጅ ወይም ከዩኒቨርሲቲ ጋር ስትሠሩ ንድፉ የማን እንደሚሆን ሥራው ሳይጀመር ይፈረም። መምህሩ ለዕድገቱ ወረቀት ማሳተም ይፈልጋል፤ እናንተ መሸጥ ትፈልጋላችሁ። ሁለቱ አይጣሉም፣ የግልጋሎት ሞዴሉ ማመልከቻ ከወረቀቱ ከቀደመ።

ማሽናችን በሁለት መሥሪያ ቤት ሪፖርት ላይ ተቆጥሯል። ምን ያገባናል?

ያገባችኋል። ለሦስተኛ ድጋፍ ስትመጡ «እነዚህ ተደግፈዋል» ተብላችሁ ትታለፋላችሁ፤ ከሁለቱ በአንዱ ግን ያገኛችሁት ሥልጠና ብቻ ሊሆን ይችላል። ርክክብ ላይ ስትፈርሙ ምን እንደተረከባችሁ በዓይነትና በብር ይጻፍ፤ «ሙሉ ድጋፍ ተደርጎልናል» የሚል ባዶ ዓረፍተ ነገር ላይ አትፈርሙ። የፈረማችሁትን ቅጂ በዚያው ቀን ውሰዱ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ኑ ከተባላችሁ ገጹን በስልክ አንሱትና ቀኑን ጻፉበት።